ለስላሳ ብረት

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ግራ ጉንጬን ተላጭቼ ጨርሼ ወደ ቀኙ ልሻገር ስል፣ ባለቤቴ ባንቺዓለም ጓዳ ገብታ በስልክ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ባንቺዓለም ደግሞ ስልክ ላይ ድምፅዋን የምትቀንስ ሴት አይደለችም፤ ሞጣ ስትደውል ያለ ስልክም ሞጣ ድረስ የምትሰማ እስኪመስል ነው የምታወራው። ስለዚህ ምላጩን አየር ላይ አቁሜ ጆሮዬን ወደ ጓዳ ጣልኩ። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው የታላቅ ወንድሜ የጓዴ ሚስት አየሁሽ ናት። «ዛሬ ነው እንዴ የሚያስፈርሙት?» አለች ባንቺዓለም። ቆየችና፣ «ውይ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራበትን ታፔላ ያስወርዱታል?» አለች። ደግሞ ቆየችና፣ «እሺ፣ አልነግረውም። ጓዴ አትንገሪው ካለ ለእዮብ አልነግረውም» ብላ ስልኩን ዘጋች።

እዮብ እኔ ነኝ። ግማሽ ፊቴ ሳሙና እንደሆነ ጓዳ ገባሁና አፋጠጥኳት። ባንቺዓለም ሚስጥር የምትይዘው ቢበዛ ለሁለት ደቂቃ ነው፤ ዘረገፈችው። ጓዴ ሞጣ ውስጥ ብየዳ ቤት አለው። በርና መስኮትም ይሠራል፤ ስሙ የተጠራው ግን በጭነት መኪና ሻንሲ ነው። ሻንሲ ማለት መኪናው እንዳለ የሚያርፍበት፣ ከሥር የተዘረጋው ረጅሙ ብረት ነው። በኅዳር የወይዘሮ ወይንእሸት መኪና ላይ ጎብጦ የነበረ ሻንሲ አቃንቶ ነበር። ወይዘሮ ወይንእሸት የእህል ነጋዴ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት መኪናቸው ጤፍ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ያ የተቃናው ሻንሲ ከመሃል ተሰበረ። ጤፉ መንገድ ላይ ተዘራ፤ ሾፌሩ ሰማው የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ተኛ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ዛሬ ከቀትር በኋላ ጓዴ ሁለተኛ መኪና ሥር ላይገባ ይፈርማል፤ «ሻንሲ እንሠራለን» የሚለው ታፔላም ይወርዳል። ሻንሲ የተከለከለ ጓዴ ማለት የመስኮት ፍርግርግ ሲበይድ የሚያረጅ ጓዴ ማለት ነው።

ለወንድሜ ማዘን ነበረብኝ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሞጣ ላይ ስለ ብረት ሸንጎ ተቀምጦ እኔ እንዳልሰማ ይደረጋል? በዚያ አገር ስለ ብረት የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ማን ሊጠሩ ነው?

ማንነቴን ልናገርና ይብቃኝ። መምህር እዮብ እባላለሁ፤ ቢቸና ውስጥ የብረት ሥራ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ሳስተምር ስል ስናገር ማለቴ ነው። የብየዳ ማሽናችን ከተቃጠለ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ብየዳን የማስተምረው በጠመኔ ነው። ተማሪዎቼ «ጋሽ ሎው» ይሉኛል፤ በፍቅር ይመስለኝ ነበር። ስሙ የመጣው በየዓመቱ መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ በትልልቁ ከምጽፈው ነገር ነው፦ «ሎው ያለ ሁሉ ለስላሳ ነው።» ሎው ካርቦን የሚባለው ብረት ለስላሳ ነው፤ ቢያግሉት እሺ፣ ቢያጥፉት እሺ፣ ቢበይዱት እሺ። ሎው እንግዲህ ሎው ነው፤ ከኋላው ምን ቢከተል ምን አገባን። ባለፈው ዓመት ብሩክታይት የምትባል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ከፊቱስ ሌላ ቃል ቢኖር?» አለችኝ። «ከፊትሽ ያለው በር ነው» ብዬ አስወጣኋት። ክፍሉ ሲስቅ ለእኔ የሳቁልኝ መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ።

ሳሙናውን በፎጣ ጠርጌ፣ ጃኬቴን ደርቤ፣ መጽሐፌን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ባንቺዓለም፣ «ጉንጭህ፣ ጉንጭህ» እያለች እስከ አጥሩ ተከተለችኝ፤ እኔ ጉንጬን የምትስመኝ መስሎኝ፣ «ስመለስ» አልኳት። መናኸሪያ ስደርስ መንገዱ ክፍት ነው፣ መኪናም አለ። የተለጠፈው ታሪፍ ሌላ፣ የከፈልነው ሌላ፤ ማንም አልተከራከረም። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ለደብረ ወርቅ የሚወርድ፣ የፀረ አረም መርጫ ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ገበሬ ነበር። የመርጫውን የብረት ዘንግ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ስለ ብረት አስረዳሁት። ከካርቦን ጀምሬ ዝገት ላይ ስደርስ ሰውዬው መርጫውን አቅፎ አንቀላፋ። እንቅልፉን በትምህርቴ ጥልቀት ተረጎምኩት።

ሰውዬው ካንቀላፋ በኋላ ለሽማግሌዎቹ የምናገረውን ልዘጋጅ ብዬ መጽሐፌን ገለጥኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ጓዴ ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ የብረቱ ነው ብዬ በሳይንስ አፋቸውን አስይዛለሁ። መጽሐፉ ፎቶ ኮፒ ሆኖ የተጠረዘ ነው፤ ከእኔ በፊት ከነበረው መምህር የተረከብኩት። መሃሉ ላይ ሻይ ፈስሶባቸው የተጣበቁ ገጾች አሉ። ሻዩ እንኳ የእኔ አይደለም፤ ሁለታችንም በየተራችን ሳንከፍታቸው ኖረናል ማለት ነው። የምሠራው አጥቼ በጥፍሬ ፈልቅቄ ከፈትኳቸው። ርእሱን ሳይ የማውቀው ነገር ፊት ለፊቴ የቆመ መሰለኝ፦ ኤች፣ ኤስ፣ ኤል፣ ኤ። ኤች ከፍተኛ ማለት ነው። ኤስ ጥንካሬ። ኤል ዝቅተኛ። ኤ ቅይጥ። ጥንካሬው ከፍተኛ የሆነ፣ ቅይጡ ግን ጥቂት የሆነ ብረት። ሎው የተባለው ቅይጡ ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። ከሥሩ የሚያገለግልበትን ይዘረዝራል፤ ድልድይ፣ ክሬን፣ የነዳጅ ቧንቧ፣ የመኪና ሻንሲ። ሻንሲ የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ይህ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ ሙቀቱ እየተለካ ሲዳመጥ ነው፤ በኋላ በነበልባል ያጋለው ሰው ያን ጥንካሬ ያጠፋበታል፤ ከጎበጠ በቀዝቃዛው፣ በጃክ እየተገፋ ይቃናል።

ኅዳር ጽዮን ትዝ አለችኝ።

የዚያን ዕለት አማቴ ቤት ማኅበር ነበር። ሰው ሞልቷል፤ ጠላው ወርዷል። ስልኬ ጮኸ፤ ጓዴ ነው። የሞጣ ባለሙያ ቢቸና ደውሎ ሲያማክረኝ አማቶቼ ይስሙልኝ ብዬ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት። «እዮቤ» አለ ጓዴ፣ «አንድ ሻንሲ ጎብጦብኛል። ጎኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ኤች፣ ኤስ፣ ኤል፣ ኤ ይላል። በእሳት ላቅናው ወይስ በጃክ ልታገለው?» ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ከአራቱ ፊደል የማውቀውን አንዷን መርጬ ያዝኩ። «ኤል ማለት ሎው ነው። ሎው ማለት ለስላሳ ነው። አግለኸ አቅናው፤ እንደ ቅቤ ይታዘዝልኸል» አልኩት። ጓዴ፣ «እርግጠኛ ነኸ?» አለኝ። እኔ ጓዴን ጋሼ ነው የምለው፤ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፣ አባታችን ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ አልጋ እየበየደ ያስተማረኝ እሱ ነው። ያን ቀን ጋሼ ማለቱን ተውኩና፣ «አንተ ስድስተኛ ክፍል፣ እኔ ዲግሪ፤ ማን ማንን ይጠይቅ?» አልኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አማቴ ጠላ ጨመሩልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አትጠይቁኝ። ደብረ ወርቅ ላይ ገበሬው ወረደ፤ አብሬው ልወርድ ምንም አልቀረኝ። ጎማ ይፈንዳ ብዬ ተመኘሁ። ያን ጊዜ ነው ደግሞ ጓዴ ለምን «አትንገሪው» እንዳለ የገባኝ። ሸንጎውን ከእኔ ደበቀ ብዬ ስናደድ፣ ለካ እኔን ከሸንጎው ደብቆኛል። ማወቄ ግን ወኔ አልሆነኝም፤ ሞጣ እስክንገባ የማስበው እንዴት አድርጌ ወንድሜንም ራሴንም አንድ ላይ ማዳን እንደምችል ነው። ጎማው አልፈነዳም። ጠቃሚ ነገር ሲፈለግ አይገኝም።

ሸንጎው የተቀመጠው በወይዘሮ ወይንእሸት መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳውን ይዞ ጤፍ የሞላ ማዳበሪያ እስከ ጣራው ተደርድሯል፤ ነጩ በግራ፣ ሰርገኛው በቀኝ። መሃል ላይ ትልቁ ሚዛን ቆሟል፤ ከሚዛኑ በላይ የሳምንቱ የእህል ዋጋ በጠመኔ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ ደግሞ ከፍ ብሎ ተጽፏል። አግዳሚው ላይ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ አሉ፤ አገር የሚያውቃቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ ግማሹ የሞጣ ቄስ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። ከአጠገባቸው አቶ ፋንታ፣ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሰው። ወይዘሮ ወይንእሸት ሚዛኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ጓዴ ከሁሉም ዝቅ ብሎ አንድ ጀሪካን ላይ ነበር፤ ሁለት እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሯቸዋል። ስገባ ቀና አለና ፊቱ ልውጥ አለ። «ምን አመጣኸ?» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ። መሪጌታ ግራና ቀኜን አዩኝ። «ይኼ ልጅ ሊመሰክር ነው የመጣ? በየትኛው ጎኑ ነው የምናምነው፣ በተላጨው ነው ባልተላጨው?» አሉ። ያን ጊዜ ነው የባንቺዓለም «ጉንጭህ» የገባኝ።

«ስለ ብረቱ ላስረዳ ነው የመጣሁት፣ የኔታ» አልኩ። ጓዴ ራሱን በቀስታ ወዘወዘ፤ ተው ማለቱ ነው። ጀመርኩ። ጥንካሬው ከፍተኛ፣ ቅይጡ ጥቂት የሆነ ብረት ብዙ ዓይነት ነው አልኩ፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ማወቄን አልተናገርኩም። አንዱ ዓይነት ዝገቱ ልብሱ የሚሆንለት ነው፤ ላዩ ይዝግና ያው ዝገቱ ጠጥሮ ውስጡን ይጠብቀዋል፣ ቀለም አይፈልግም፣ ለድልድይና ለመንገድ ምሰሶ ይሆናል። «የእኔ ቤት ቆርቆሮ ይኸኛው ነዋ» አሉ አቶ ፋንታ። ሌላው ዓይነት ቁንጥር ኒዮቢየም፣ ቁንጥር ቫናዲየም ወይም ታይታኒየም የገባበት ነው፤ ከመቶው አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፣ ግን ብረቱን ሌላ ብረት ያደርገዋል። «እነዚህ የመላእክት ስም ናቸው?» አሉ መሪጌታ። «ቅመም ናቸው፣ የኔታ» አልኩና ቀጠልኩ። ለስላሳውና ጠንካራው አንድ ላይ የተዳበለበት አለ፤ እሱ ለመኪና አካልና ለቸርኬ ይሆናል። ብርድና ግፊት የሚችል አለ፤ እሱ ለነዳጅ ቧንቧ ነው። ከመጽሐፉ ያነበብኩት አልቆብኝ ካላነበብኩት መጨመር ጀመርኩ። አንድ ነገር ላለመናገር ስንት ነገር እንደሚነገር ያን ቀን አየሁት።

መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ ሰሙን ደኅና አድርገኸ አቀለጥኸው። ወርቁ የታለ? ይኼ መኪና ለምን ተሰበረ?»

እግዜር ይይልኝ፣ መውጫው ያን ጊዜ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን በመስኮት ወጣሁ። «እንግዲህ... ጭነቱ በዝቶ ሊሆን ይችላል» አልኩ። ወይዘሮ ወይንእሸት ተነሡ። በነገሩ ሁሉ አልተቆጡም ነበር፤ አሁን ተቆጡ። የተቀመጡበትን ሚዛን በመዳፋቸው መቱት። «የእኔ እህል በዚህ ሳያልፍ አይወጣም። አንድ ኪሎ አልበለጠም። ሰማው ደግሞ አልጋ ላይ ነው፤ ሄደኸ ጠይቀው» አሉ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ጓዴ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ መጀመሪያ የተናገረው ያን ጊዜ ነው። «ጭነቱ ልክ ነበር፣ እዮቤ» አለ። አልተቆጣኝም። አንድ ልጅ ሌላ ሰው ላይ ሲያላክክ እንደሚባል፣ በዝግታ ነው ያለኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

አቶ ፋንታ ነገሩ ይለቅ ብለው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። አስቀድሞ ተጽፎ አልቋል። ለጓዴ ከእስክሪብቶ ጋር ሰጡት። ጓዴ ወረቀቱን በክንዱ ርቀት ያዘው፣ አቀረበው፣ ደግሞ አራቀው። «መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ» አለና ወደ እኔ ዘረጋው። «አንብብልኝ። አንተ ልክ ነው ካልኸኝ እፈርማለሁ።»

እንዲያ ነው ያለኝ። ሻንሲው ጎን ላይ ያሉትን አራት ፊደሎች በስልክ ያነበበልኝ ሰው፣ በእነሱ የወደቀው ሰው፣ ደግሞ አንብብልኝ አለኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩ። ያነበብኩት እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው። «እኔ ጓዴ፣ በራሴ ስህተትና ባለማወቅ...» ካልኩ በኋላ አቆምኩ። ባለማወቅ የምትለዋን ቃል አልፌ መሄድ አልቻልኩም። ደግሜ ሞከርኩ። «በራሴ ስህተትና ባለማወቅ...»

«ምነው፣ ጽሑፉ አይነበብም?» አሉ አቶ ፋንታ። በጽሑፋቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው።

«ይነበባል» አልኩ። «ስሙ ነው የተሳሳተ። ጓዴ የሚለው ተሰርዞ እዮብ መባል አለበት።»

ከዚያ አወጣሁት። ስለ ኅዳር ጽዮን፣ ስለ ጠላው፣ ስለ አራቱ ፊደል፣ ሦስቱን ዘልዬ አንዱን ስለ መያዜ፣ ስድስተኛ ክፍል ስለ ማለቴ፣ ሰው ስለ መሳቁ። ተጣብቀው ስለ ኖሩት ገጾች እንኳ ሳልደብቅ ተናገርኩ፤ ሻዩ የእኔ አይደለም የምትለዋን ግን ጨመርኩባት፤ ሰው በምንም ቀን ትንሽ ራሱን መውደዱ አይቀርም። ሳበቃ ወይዘሮ ወይንእሸት ወደ እኔ አልዞሩም፤ ወደ ጓዴ ነው የዞሩት። «ሁለት ጊዜ ተቀምጠናል። ምን ብለኸ ዝም አልኸ?» አሉት። «እሳቱን የያዝሁት እኔ ነኝ» አለ ጓዴ።

መሪጌታ ወረቀቱን ተቀበሉና በጀርባው በራሳቸው እጅ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ጻፉበት። ቃሉ ይኼ ነው፦ እኔ እዮብ ከእንግዲህ ያላየሁትን ብረት በስልክ ምንነቱን አልናገርም። የተሰበረው ሻንሲ በሌላ እስኪለወጥ ድረስ በየቅዳሜው ከቢቸና መጥቼ ከወንድሜ ጋር መኪናው ሥር እተኛለሁ፤ ያዝ ያለኝን እይዛለሁ፤ ልቀቅ ሲለኝ እለቃለሁ። ለሾፌሩ ለሰማው ዛሬውኑ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ታፔላውስ?» አሉ አቶ ፋንታ። «ታፔላው ምን አጠፋ» አሉ ወይዘሮ ወይንእሸት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ታፔላ የተናገረ የለም። መሪጌታ ወረቀቱን ሲሰጡኝ፣ «ሎው ማለት ዝቅ ያለ ማለት ነው አልኸ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «መኪና ሥር ስትገባ ትደርስበታለኸ» አሉኝ። ፈረምኩ። ሰማው ዘንድም ሄድኩ፤ ጎኑን በፋሻ ተጠምጥሞ ተኝቷል፤ እንዳልስቅ አድርጉኝ፣ ስስቅ ያመኛል አለ። ጉንጬን አይቶ ነው።

ወደ ብየዳ ቤቱ ስንመለስ ጓዴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። አየሁሽ ከበሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ አገኘናት፤ ቀና ብላ ታፔላውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ምንም ሳትጠይቅ ምሳ ልታቀርብ ገባች። የተሰበረው ሻንሲ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጓዴ ቁና የሚያህል የብረት ብናኝ ከወለሉ መጥረግ ጀመረ፤ መጥረግ ያላስፈለገውን ሁሉ ጠረገ። እኔ ስብራቱን እዳስሳለሁ። እሳቱ ያረፈበት ጠርዝ ይታወቃል፤ ከእሱ ጎን ነው የተሰበረው።

«ጋሼ፣ ስታግለው እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ቶሎ እሺ አለኝ» አለ፣ ሳይዞር። «እንዲህ ያለ ብረት ቶሎ እሺ አይልም። እጄ ጠርጥሮ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተውኸውም?»

መጥረጊያውን አቆመ። «በስልኩ ሲስቁ ሰማሁ» አለ። «አላፈርሁብኸም። ያን ሁሉ ሰው አፉን አስከፍቶ የሚሰማው ወንድም አስተምሬ አወጣሁ ብዬ ደስ አለኝ። ተምሮ ተናግሯል፣ እጄ ምን ያውቃል ብዬ ተውሁት።»

አለቀስኩ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዲግሪ አለኝ፤ ብየዳ ቤት ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ጓዴ አላባበለኝም። ከመሳቢያው ምላጭና የሳሙና ቁራጭ አውጥቶ በጣሳ ውኃ ሰጠኝና፣ «ቀኝህን ጨርሰው። በዚህ መልክ አየሁሽ ምሳ አታቀርብልኸም» አለኝ። የተሰበረ መስተዋት ፊት ቆሜ ስላጭ እሱ የብረት መፍጫውን አስነሣና ከስብራቱ ጫፍ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ቆረጠ። ጠርዙን አለሰለሰው፣ በጨርቅ ጠቀለለው። «ለልጆቹ አሳያቸው» አለኝ። ያቺን ብሩክታይትን አሰብኳት። ሰኞ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሷን ወደ ሰሌዳው ልጠራት ወስኛለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ ቢቸና በሚመለሰው መኪና ተሳፈርኩ። ቁራጩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ለመጠኑ ይከብዳል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው እጁ በግራሶ የጠቆረ ነበር። አሁንም አሁንም ጭኔን ያያል። ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ አልቻለም።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ብረት ነው።»

«ምን ዓይነት ብረት?»

አሥራ አራት ዓመት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አፌ ተከፈተ። ከዚያ ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝና ዘጋሁት። «ለምን ፈለግኸው?» አልኩት። የትራክተሩ ተሳቢ ከሥሩ ተሰንጥቆበታል፤ አንዱ በይደው ይለዋል፣ አንዱ ጣለው ይለዋል፤ ግራ ገብቶታል። የጓዴን ስልክ ሰጠሁት። «ወንድሜ ነው። ሞጣ ነው ያለው፤ ታፔላው ከሩቅ ይታያል» አልኩት። ሰውዬው ትዕግሥት የለውም፣ እዚያው ደወለ። መኪናው ስለሚጮህበት ድምፁን ከፍቶ ለሁላችን አሰማን። ስንጥቁን ነገረው፣ ርዝመቱን ነገረው፣ የተጻፈበትን ፊደል ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠረለት። ተሳፋሪው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። እኔ ብረቴን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ሳላየው አላውቅም» አለ ጓዴ። «አምጣውና በእጄ ልንካው።»

ሰውዬው ስልኩን ዘጋና ቅር እንዳለው ወደ እኔ ዞረ። «አያውቅም እኮ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «እሱ ዘንድ የምልክህ ለዚያ ነው።»